ጽጌረዳዋን የበላው ዓይን

ጥፋትን ሁሉ በሰው ዓይን የሚያሳብብ ጎረቤት አላችሁ? እኔ እዚህ ጌጃ ሰፈር እትዬ ብርቄ አሉኝ። ባለፈው ጽጌረዳቸውን አይቼ «ስታምር!» አልኩ፤ በሳምንቱ እምቡጧ ተጨማደደ።

«ዓይንሽ ነው! ነይ እትፍ እትፍ በይባት!» አሉኝ፣ ግቢው ሁሉ እየሰማ። ላላገባች ልጅ ዓይኗ ከባድ ነው መባል ቀላል ነው?

ቅጠሏን ገልብጬ አሳየኋቸው። ክሽክሽ የሚባለው አረንጓዴ ተባይ ተኮልኩሎ ይጠባታል።

«እትዬ፣ ዓይን እግር አለው እንዴ? ይኸው ይሄዳል!»

«ታዲያ ማን ጠራው?»

እኔ ግን ሳሙና በውሃ በጥብጬ ቅጠሏን ከሥር ከሥሩ ስረጭ ሰነበትኩ። ክሽክሹ አለቀ፤ ጽጌረዳዋም ፈነዳች። እትዬ ብርቄ በደስታ ለግቢው አወጁ፦

«አላልኳችሁም? ራሷ አመጣችው፣ ራሷ አነሳችው!»

ጽጌረዳዋ ዳነች። የሰፈሩ እናቶች ግን እኔን ሲያዩ እስከ ዛሬ የልጆቻቸውን ፊት ይሸፍናሉ።