አባት የሚመለስበት ተውኔት

ክፉ ወሬ እንደኛ የሚከብደው ሕዝብ ያለ አይመስለኝም። መልካሙን ወሬ ሳይበስል ነው የምናነሳው፤ እገሌ ሥራ አገኘ፣ እገሊት አረገዘች ብለን ባለቤቱ ሳይሰማው አገር እናዳርሰዋለን። ክፉው ሲመጣ ግን ምላሳችን ይታሰርና ስብሰባ እንጠራለን። ማን ይንገራት? መቼ ይነገራት? ቁርስ በልታ ነው ወይስ ሳትበላ? እዚህ ናይሮቢ የሥራ ባልደረቦቼ በዚህ ነገራችን ሁሌም ይገረማሉ። እነሱ ዘንድ ሰው ሲሞት ቤተሰቡ እንባውን ሳይጠርግ ስልክ ላይ የለቀስተኛ ቡድን ይከፈታል፤ በስዋሂሊ «ፖሌ»፣ አይዟችሁ ይባላል፣ ይዋጣል፣ አለቀ። እኛ ግን መርዶን እንደ ሠርግ ቀን ቆርጠን ነው የምንነግረው። እኔም በዚህ ልማዳችን ስኮራ የኖርኩ ሴት ነበርኩ።

ከተውኔቱ ልጀምርላችሁ። እናቶቻችን በወጣትነታቸው አዲስ አበባ ተሰልፈው ያዩት «የሲራራ ሙሽራ» የሚባል ሙዚቃዊ ተውኔት ነበር፤ ከአንዳንድ ዘፈኖቹ በቀር ሁሉም ነገሩ ተረስቷል። አባቷ አሞሌ ሊያመጣ ከሲራራ ነጋዴዎች ጋር ቆላ የወረደባት ልጅ ናት ባለታሪኳ። ዓመት ሲያልፍ መንደሩ «አባትሽ ሞቷል፤ ይልቅ አግቢና ዕረፊ» ይላታል። እሷ እምቢ ትላለች። መጨረሻው ላይ አባት በቅሎውን እየጎተተ ብቅ ይላል፤ ልጅቱም እንኳን ደህና መጣህ ብላ ትዘፍንለታለች። በቃ፣ ይኸው ነው። ግን ያንን ዘፈን ሰምቶ ዓይኑ ደርቆ የወጣ ሰው አላየሁም።

ይህን ተውኔት ከሞተበት ያስነሳው ጋሽ ታደሰ ነው። እዚህ ናይሮቢ ኪሊማኒ ሰፈር ሒሳብ ሲሠራ ለሚያየው ሰው ተራ ጡረታ ጠባቂ ይመስላል። በልጅነቱ በመጀመሪያው ዝግጅት ላይ ተጫውቷል፤ የበቅሎዋን የኋላ እግር ሆኖ። አትሳቁ፤ እኛ ስቀን ጨርሰናል። «ሌሎቹ የሚያስታውሱት የየራሳቸውን ቃል ነው» ይላል። «እኔ ግን ጨርቅ ውስጥ ጎንበስ ብዬ ከመስማት ሌላ ምን ሥራ ነበረኝ? ሁሉም ጆሮዬ ውስጥ ቀረ።» እውነቱን ነው፤ አንዲት ስንኝ ሳትጎድል ከነዜማዋ አወጣልን። አሁን ከበቅሎነት አድጎ አባትየውን ይጫወታል።

ለመንደርተኛነት ያገኘናቸው እዚሁ ተወልደው ያደጉ ልጆች ናቸው። ልምምዱ ላይ አንዷ ጋሽ ታደሰን «አሞሌ ጨው ነው ወይስ ገንዘብ?» አለችው።

«ሁለቱም።»

«ሳሳ» አለች እንደ ናይሮቢ ልጅ፤ «እሺ አሁን ዝናብ ቢመጣስ?»

«ትደኸያለሻ» አላት፤ ሳይስቅ።

እነዚህ ልጆች እስክስታውን ሲወርዱት፣ ማሲንቆው ከካማው ፒያኖ ጋር ሲግባባ ብታዩ! ካማው ላቪንግተን ሰፈር ያደገ ኬንያዊ ነው፤ አማርኛ አይሰማም፤ ግን ልጅቷ ትንፋሿን የምትወስድበትን ቦታ ከማናችንም በላይ ያውቃል። ከሥራዬ ከዌስትላንድስ ስመጣ መኪናው ተጨናንቆ ላብ በላብ ሆኜ የደረስኩበት ምሽት ሁሉ ዘፈኑ ሲጀመር ይረሳኛል። የኔ ድርሻ ልብስ ማልበስ ነው።

ልጅቷን የምትጫወተው ሜሮን ናት። የጉዞ ወኪል ቢሮ ትሠራለች፤ ሠላሳ ዓመት ገደማ ይሆናታል። ድምፅዋን እንዴት ልንገራችሁ? ከፍ ሲል አይጮህም፤ ዝቅ ሲል አይጠፋም።

ቅዳሜ ልናሳይ ሐሙስ ጠዋት የሜሮን ወንድም ከደሴ እትዬ ብርቄ ጋ ደወለ። እትዬ ብርቄ ባለ ምግብ ቤት ናት፤ የሁላችንም ደስታና ሐዘን በእሷ በኩል ያልፋል። የሜሮን አባት ረቡዕ ዐርፈዋል፤ የዚያኑ ዕለት ተቀብረዋል። «እናንተ እንደሚሆን አድርጋችሁ ንገሯት» ብሎ ዘጋ።

ስብሰባ ተቀመጥን።

«እሁድ በማለዳ» አለች እትዬ ብርቄ። «ቀብሩ እንደሁ አልፏል፤ ምን ያስቸኩለናል? ለሷው ብለን ነው።»

ካማው ጋሽ ታደሰ ነገሩን ሲተረጉምለት «እና እስከዚያ ምን ልትሏት ነው?» አለ።

«ምንም» አልኩት።

አዳራሹ እንደተከራየ፣ ቲኬቱ እንዳለቀ ሁላችንም እናውቃለን፤ ማናችንም አላነሳነውም። ለሷው ብለን ነው የሚለው ቃል ሁሉን ይሸፍናል፤ ሰፊ ጋቢ ነው። ማታ ስተኛ ግን እግሬ ከጋቢው ወጥቶ ይበርደኝ ጀመር። በተውኔቱ ውስጥ መንደርተኛው በሕይወት ያለውን አባት ሞቷል ይላታል፤ እኛ ደግሞ የሞተውን አባት አለ እያልናት ነው። ከሁለታችን የትኛው መንደር ይብሳል? ልጠይቃችሁ እንጂ መልሱ የለኝም።

እንደኛ ያለ መጥፎ ተዋናይ ግን አይቼ አላውቅም። በማርፈዷ ሲቆጣት የከረመ ሁሉ ዓርብ ዕለት «አይዞሽ፣ መንገዱ ነው» ይላት ጀመር። እትዬ ብርቄ ለወትሮው ቅመሱልኝ ማለት የማይሆንላት ሴት፣ ክትፎ በነጻ ይዛላት መጣች። እኔ የተሰጠኝ ሥራ ከደሴ ወሬ እንዳይደርሳት ስልኳን መጠበቅ ነበር። ቅዳሜ ከመድረክ በፊት «አምጪው ቻርጅ ላድርግልሽ» ብዬ ተቀብዬ የልብስ ሻንጣ ውስጥ ከተትኩት። ስልኳን ለማንም የማትሰጥ ልጅ ቶሎ ብላ አቀበለችኝ። ያኔ መጠርጠር ነበረብኝ። ጥፋተኛ ሰው ግን የሚያየው የራሱን እጅ ብቻ ነው።

ሲያሳዩ እኔ ከመጋረጃው ጥግ ቆሜ ነበር። ኢትዮጵያዊውም ኬንያዊውም አዳራሹን ሞልቶታል። አባት ብቅ አለ፤ አቧራ የተነሰነሰበት ጋሽ ታደሰ፣ በቅሎዋን እየጎተተ። ሜሮን ገና አልዘፈነችም። ካማው መግቢያውን ተጫወተ፤ አልገባችም። ደገመው። እጄን አፌ ላይ ጫንኩ። ልግባና ልንገራት፣ እዚሁ ሰው ሁሉ ፊት ይፍረስ አልኩ በልቤ፤ መጋረጃውን ግን አልገለጥኩትም።

ከዚያ ጀመረች። ያን ዘፈን በልምምድ ስንቴ ሰምቼዋለሁ፤ እንዲህ አልሰማሁትም። እየዘፈነች የጋሽ ታደሰን ትከሻ አቧራ አራገፈችለት። ይኼ በተውኔቱ የለም። ጫማውን አየችለት። ይኼም የለም። እሱም ቃሉን የማይረሳው ሰው፣ መልሱን ረስቶ ግንባሯን ሳማት። አዳራሹ ተነሥቶ አጨበጨበ።

ተዋናዮቹ እየወጡ እጅ ሲነሡ ሜሮን የመጨረሻዋ ነበረች። እኔ ያለበስኳትን ነጠላ ከመጋረጃው ጀርባ በራሷ እጅ አስተካክላ ወጣች። አዘቅዝቃዋለች። ጥለቱ እንደ ለቀስተኛ ወደ ላይ ሆኗል።

ኬንያውያኑ ቆመው ያፏጫሉ፣ ያጨበጭባሉ። የኛ ወገን ጭብጨባ ግን ቀስ በቀስ ከመሃል ላይ ተቆረጠ። ካማው ከፒያኖው ቀና ብሎ አየን፤ ገባው መሰለኝ፣ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። እሷ እጅ ነሥታ ገባች።

ሻንጣውን ከፍቼ ስልኳን ሰጠኋት።

«ሐሙስ ጠዋት አክስቴ ስልኳ ላይ የምታወጣውን የራሷን ፎቶ በሻማ ሥዕል ቀየረችው» አለችኝ። «ደወልኩ፤ ሁሉም ደህና ነን አሉኝ። አባቴን አቅርቡልኝ ስል ተኝቷል አሉ። አባቴ ቀን ተኝቶ አያውቅም።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«እርግጠኛ የሆንኩት እንኳ በእትዬ ብርቄ ክትፎ ነው» ብላ ልትስቅ ሞከረች፤ አልሆነላትም። «ብነግራችሁ ታስቀሩት ነበር፣ ሂሩትዬ። አንድ ጊዜ እንኳን ደህና መጣህ ልበለው ብዬ ነው።»

አቀፍኳት። ሁለት ቀን ሙሉ ስትጠብቀን የኖረችው እሷ ናት፤ እኛ እሷን የጠበቅን መስሎን።

ነገሩ እዚህ ያበቃ ይመስላችኋል። እትዬ ብርቄን አታውቋትም ማለት ነው። «አይታ ማወቅና መርዶ ሌላ ሌላ ነው» ብላ እሁድ ገና ጎህ ሲቀድ ሁላችንንም ወደ ሜሮን ቤት አሰለፈችን። ጋሽ ታደሰም መጣ፤ ካማውም ጥቁር ለብሶ መጣ። ስንደርስ ሜሮን ነጠላዋን እንዳዘቀዘቀች በሩን ከፈተች። ወንበር ደርድራለች፤ ሻይ በፔርሙዝ ቀድታ አስቀምጣለች።

ተቀመጥን። እትዬ ብርቄ ጉሮሮዋን ጠረገች፤ እንደገና ጠረገች፤ ያ ሁሉ ዝግጅቷ ጠፋባት።

«አይዞሽ እትዬ» አለቻት ሜሮን፤ እጇን ይዛ። «በይ ንገሪኝ።»