ነፋስ የሚያነቡት ጎረቤቴ

ነፋስ የሚያነብ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ ጎረቤት አለኝ። ጋሽ ተፈራ በውትድርና ዘመናቸው የዒላማ ተኩስ ተወዳዳሪ ነበሩ፤ ነፋስ ጥይት ያስታል ብለው ሳያጠኑት አይተኩሱም ነበር፤ ዛሬም ነፋሱን ሳያዩ ጃንጥላ አይዘረጉም።

እሁድ ለት ከእሳቸውና ከባለቤታቸው ከእትዬ አስካለ ጋር ጉርድ ሾላ ስናልፍ፣ መንገድ ዳር በአየር ጠመንጃ ፊኛ የሚያስመታ ሰው አገኘን። ጋሽ ተፈራ ከፍለው ጠመንጃውን አነሱ፤ ጡረታ ከወጡ ወዲህ ጠመንጃ ሲይዙ የመጀመሪያቸው ነው። ፊኛው ቢርቅ አምስት እርምጃ ነው። እሳቸው ግን አፈር ዘግነው በተኑ፤ ፎቅ ላይ የተሰጣ አንሶላ አጠኑ፤ አነጣጥረው መልሰው አወረዱ።

"ከቦሌ በኩል ይነፍሳል፤ ይለፍ።"

ከኋላችን የቆመው ሰው የታክሲ ሰልፍ አከለ። እትዬ አስካለ ትዕግሥታቸው አለቀና ጠመንጃውን ነጥቀው ተኮሱ። ፊኛው ፈነዳ! ሰዉ አጨበጨበ። በጋሽ ተፈራ ፈንታ እኔ አፈርኩ።

እሳቸው ግን ደረታቸውን ነፍተው፣ "አላልኩሽም? ነፋሱን አሳለፍኩልሽ!" አሏቸው።