መቶ በመቶ ጤነኞች

በሽታን ድል የመምታት ታሪክ የሚጻፍ ከሆነ ከጅማ ቀበሌዎች አንዱ ከፊት መሰለፍ ይገባዋል። ሌላው ዓለም መድኃኒት ፍለጋ ሲንከራተት፣ ይህ ቀበሌ ከአርባ እስከ ስድሳ ዓመት ያሉ ወንዶቹን በሙሉ በአንድ ቀን፣ በአንድ እስክሪብቶ አድኗቸዋል።

ከዳኑት አንዱ አባቦራ ነው። በጅማው መርካቶ የቡና መጋዘን ሃያ ስድስት ዓመት ጆንያ ተሸክሟል። ወገቡ እምቢ ካለው ሰነባብቷል፤ በሶላት ሱጁድ ከወረደ ሚስቱ ዘይቡ ካልጎተተችው አይነሳም። ሰሞኑን የመጋዘኑ ዘበኛ ጡረታ ወጣና ወንበሩ ባዶ ቀረ። ለዚያች ወንበር የሚያስፈልገው «ከባድ ማንሳት አይችልም» የምትል አንዲት መስመር ብቻ ነበረች። ስለዚህ ቀበሌው የጎልማሶችን ጤናና ኑሮ ሊመዘግብ ነው ሲባል አባቦራ ከሁሉ ቀድሞ ተሰለፈ። ምስኪን፣ የሚጠየቀው እሱ መስሎታል።

ቅጹን የምትሞላው የጤና ጣቢያዋ አሰገደች ነበረች። ከጎኗ ሊቀመንበሩ ጓድ ደበበ ካኪያቸውን ግጥም አድርገው ተቀምጠዋል። መቶ በመቶ ጤነኛ የሆነ ቀበሌ እንደሚሸለም ሰምተዋል።

«ደረጃ ሲወጡ ይቸገራሉ?» አለች አሰገደች።

«በቀበሌያችን ደረጃ የለም» አሉ ሊቀመንበሩ። «አይቸገርም በይ።»

«ባለፈው ወር ተክዘው ያውቃሉ?»

«ትካዜ የንዑስ ከበርቴ ነው። ቀጥይ።»

«የሚያምዎት ነገር አለ?»

«ወገቤ!» አለ አባቦራ ፈጥኖ። «ወላሂ፣ ጫማዬን የምታስርልኝ ዘይቡ ናት። ማሎ፣ እባክሽ፣ ይቺን ብቻ ጻፊልኝ።»

ሊቀመንበሩ በአዘኔታ አዩት። «ጓድ አባቦራ፣ መሸከም የጀመርከው መቼ ነው?»

«በጃንሆይ ጊዜ።»

«አየሽ! ሕመሙ የፊውዳሉ ነው። ያለፈውን ሥርዓት በሽታ በአብዮቱ ቅጽ ላይ አንጽፍም።»

አሰገደች «ጤነኛ» ብላ ጻፈች። ወንበሩ ለሊቀመንበሩ አማች ደረሰ። አማችየው ገና ሠላሳ ዓመቱ ስለሆነ በቅጹ አልተካተተም፤ በዚህም ምክንያት የመታመም መብቱ አልተነካም። አባቦራ ወደ ጆንያው ተመለሰ። ጤነኛ ሰው ምን ብሎ አቤት ይላል?

ሪፖርቱ ወደ ላይ ወጣ፤ ከላይ ምስጋና ወረደ። ከምስጋናው ጋር መመሪያ ነበረ፦ ይህን የመሰለ የተትረፈረፈ ጤና በከንቱ እንዳይባክን፣ የቀበሌው ጎልማሶች ከሊቀመንበራቸው ጀምሮ አራት እሑድ በነፃ ቡና መኪና ላይ ይጫኑ። ጓድ ደበበ ሃምሳ አንድ ዓመታቸው ነው። ቅጻቸውን የሞሉት ራሳቸው ስለነበሩ ከሁሉም የበለጡ ጤነኛ ነበሩ።

በመጀመሪያው እሑድ፣ የመጀመሪያው ጆንያ ጀርባቸው ላይ እንዳረፈ ጮኹ።

«ወገቤ! ኧረ ወገቤ ተቆረጠ! አሰገደች፣ ጻፊልኝ!»

አሰገደች ቅጽ ይዛ ደረሰች። አባቦራም ጆንያውን እንደተሸከመ አጠገባቸው ቆመ። ከልቡ ደስ ብሎት ነበር፤ አላህ ይቅር ይበለው።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ሕመሙ የጀመረዎት መቼ ነው?» አለ።

«አሁን ነዋ! ዛሬ!»

«ዛሬ? በአብዮቱ ጊዜ?» አባቦራ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ማሎ፣ ቀስ ይበሉ፤ ሰው ይሰማል።»

ሊቀመንበሩ ዞር ብለው አዩ። ከቀበሌው በላይ ያለው የከፍተኛው ካድሬ ማስታወሻ ደብተሩን ከፍቶ መኪናው ጥግ ቆሟል።

«በጃንሆይ ጊዜ ነው» አሉ ላባቸውን እየጠረጉ።

«እንግዲያ ደህና ነዎት» አለ አባቦራ።

አሰገደች ቅጹን አጠፈችው። ሁለቱ ጤነኞች ተከታትለው እያቃሰቱ ወደ መኪናው ሄዱ። በመጋዘኑ በር ላይ አማችየው ወንበሩ ላይ እግሩን አነባብሮ ተቀምጧል።

«አይዟችሁ!» አላቸው።