የሰይድ ኮይን ዋስ ሲጠራ

በጎረቤት መኪና መቅናት ቀላል ነው። መኪና ይጫራል፣ ጎማው ይተነፍሳል፣ አንዳንዴም ጠዋት አልነሳ ብሎ ልብ ያሳርፋል። ጎረቤቱ በዓይን የማይታይ ገንዘብ የፈጠረበት ሰው ግን ምን ይዋጠው?

ያ ሰው እኔ ነኝ። ገላን ኮንዶሚኒየም፣ ከእኔ በላይ ባለው ፎቅ፣ የራሱን ሚኒባስ የሚነዳ ሰይድ የሚባል ጎረምሳ አለ። ወደ ኮዬ ፈጬ ሲመላለስ ረዳቱ ዝርዝር እያጣ ከተሳፋሪ ጋር ቢነታረክበት፣ መልሱን በቴሌግራም «ሰይድ ኮይን» እያደረገ መስጠት ጀመረ። በኮይኑ ሌላ ቀን ትሳፈራለህ፤ በቃ። ይሄ ፈጠራ ነው?

መጀመሪያ ሳቅሁ። ቲማቲም ሻጯ ኮይኑን መቀበል ስትጀምር ሳቄን አቆምኩ። ባለቤቴ ዘነበች ደግሞ አንድ ቀን ሽሮ እያማሰለች፣ ይሄ ልጅ ጭንቅላት አለው አለች። እኔ አንገቴ ላይ ምን የተሸከምኩ መስሏት ይሆን?

ያም ሆኖ እቁቡ ነበረኝ። የብሎካችን እቁብ ዳኛ ነኝ፤ በዚህ ዓለም ያለኝ ሹመት እሱ ብቻ ነው። ባለፈው እሁድ ግን አባላቱ እቁቡን በሰይድ ኮይን እንጣል አሉ። ወንበሬ ሲነቃነቅ ታወቀኝ። ድምፄን አወፍሬ፣ ግለሰብ የፈጠረው ዲጂታል ገንዘብ ተስፋ የለውም፣ መንግሥት አያውቀውም፣ ባንክ አይመዘግበውም፣ ያለው የሰዎች መተማመን ብቻ ነው አልኩ። ብሎኩ የቆመበትን መሬት ድሮ ያርሱ የነበሩት አባባ ገመዳ ቀና ብለው፣ ታዲያ እቁባችንስ ሌላ ምን አለው ልጄ? አሉኝ። ቤቱ በሙሉ ሳቀ። ዘነበችም ሳቀች፤ የእሷ ከሁሉም አንገበገበኝ።

ደግነቱ እሳቸው ራሳቸው አንድ ነገር አነሱ። በእቁብ ደንብ ዕጣ የወጣለት ሰው ዋስ ይጠራል፤ ይሄም ኮይን ዋስ ይጥራ አሉ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ለማይታይ ገንዘብ ማን ዋስ ይሆናል? ሰይድ ሰዉን ዞር ዞር ብሎ አየና ወደ እኔ እያመለከተ፣ ጋሼ ታደሰ ይሁኑልኝ፣ እሳቸው የፈረሙበትን የሚጠራጠር የለም አለ።

እንቢ ብል ቅናቴ አደባባይ ሊወጣ ነው። ዘነበች ታየኛለች። ፈረምኩ። ኮይኑ ከወደቀ ተሸጦ የሚከፈለው የእኔ ቴሌቪዥን፣ የእኔ ሶፋ ነው።

ቅናቱ እንደሆነ አልለቀቀኝም፤ እንዲያውም ብሶበታል። ትናንት ሰይድ ደረጃውን ሲወጣ ሲያስል ሰማሁት። ዝንጅብል በማር አፍልቼ ተከትዬው ወጣሁ፤ ጨልጦ እስኪጠጣም አጠገቡ ቆሜ ጠበቅሁት።