አረንጓዴ የቀባሁት የውኃ ጉድጓድ

የመንግሥት ሠራተኛ ከራሱ ልብስ ቀጥሎ ማሳመር የሚወደው ሪፖርቱን ነው። ልብሱስ ክርኑ ላይ ቢሳሳ ይታለፋል፤ ሪፖርቱ ግን ሽፋን፣ ቀለምና ሥዕል ከሌለው ማን ይገልጠዋል? እኔም በዚህ ሃይማኖት ጸንቼ ብዙ ዓመት ኖሬአለሁ። ዛሬ የምናዘዘው ማንም ስላልገለጠው ሪፖርት ሳይሆን፣ አምሮበት ስለተጨበጨበለት ነው።

የመሥሪያ ቤቴን ስም አልጠራም፤ በቂ አሳፍሬዋለሁ። ቤቴ ፍኖተ ሰላም ነው፤ ሥራዬ ደግሞ የትኛው የውኃ ጉድጓድ ፓምፕ ይሠራል፣ የትኛው ተበላሽቷል እያልሁ መመዝገብ። ድሮ በጥቁርና በነጭ ሠንጠረዥ ነበር የማቀርበው። ኋላ ቡሬ ላይ የሦስት ቀን ሥልጠና ወሰድሁና ጉዴ ፈላ። አሠልጣኙ፣ ቁጥር ያሰለቻል፣ ቀለም ግን ይናገራል አለን። ከዚያ በኋላ ማን ያቁመኝ? ሠንጠረዡን ሁሉ እንደ ድፎ ዳቦ በተቆራረሰ ክብ ለወጥሁት። የሁሉ ቁንጮ ያደረግሁት ግን አንድ ትልቅ ካርታ ነበር። እያንዳንዱ ጉድጓድ አንዲት ነጥብ፤ የሚሠራው አረንጓዴ፣ የተበላሸው ቀይ።

ካርታውን ራቅ ብዬ ሳየው ቀዩ አስጠላኝ። ፈንጣጣ የወጣበት ፊት መሰለኝ። አለቃዬ አቶ ደሴ አላዘዙኝም፤ ማንም አላስገደደኝም፤ ለውበት ስል ብቻ ቀዩን ሁሉ ፈዛዛ አረንጓዴ አደረግሁት። ልዩነቱንም ከታች፣ ጥጉ ላይ፣ ጉንዳን በምታክል ፊደል ጻፍሁት። ውሸታም እንዳልባል! ሲያጌጡ ይመላለጡ የሚለው ተረት ያን ዕለት የት ሄዶ እንደነበር እንጃ።

ከበላይ መሥሪያ ቤት የመጡ እንግዶች አጨበጨቡልኝ። አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት መጽሐፍ አጠበች እንዲሉ፣ እኔም ካርታውን በትልቅ ሸራ አሳትሜ አቶ ደሴ ቢሮ ግድግዳ ላይ ሰቀልሁት። በሳምንቱ የጥገናው ቡድን ወዴት ይሂድ ተብሎ ስብሰባ ተቀመጥን። አቶ ደሴ ቀና ብለው ካርታውን አዩና፣ ወደ ፈረስ ቤት ከተማ በሚወስደው መንገድ ገባ ብላ ያለችውን አንዲት የደጋ ቀበሌ በእስክሪብቶ ነክተው፣ ይቺ እንኳ እግዜር ይመስገን አረንጓዴ ናት፣ ብለው ቡድኑን አቤቱታ ወደ በዛበት ሌላ ቀበሌ ላኩት። የቀበሌዋ ነጥብ ፈዛዛው አረንጓዴ መሆኑን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርሁ። አፌን ከፈትሁ። ነገር ግን ካርታው አይነበብም ማለት እኔ አላውቅበትም ማለት መስሎ ታየኝና መልሼ ዘጋሁት። ከቀለሙ ይልቅ እስከ ዛሬ የምታሳፍረኝ ያቺ ዝምታ ናት።

ከወር በኋላ ሪፖርቱን ለሕዝብ እንዳቀርብ ወደዚያችው ቀበሌ ተላክሁ። ሸራውን ጠቅልዬ፣ ማንም ልብ ባይለው እያልሁ እየተሳልሁ ወጣሁ። ሕዝቡ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ተሰበሰበ። የውኃ ኮሚቴው ሰብሳቢ እትዬ ጥሩወርቅ፣ ስድሳን የተሻገሩ ሴት፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ ሸራው ተጠጉ።

"ጌታው፣ የእኛዋ የትኛዋ ናት? እስቲ ያሳዩኝማ" አሉ። አሳየኋቸው።

"አረንጓዴ ናት?"

"ፈዛዛ አረንጓዴ ናት።"

"ፈዛዛው ምን ማለት ነው?"

"የተበላሸ ማለት ነው፣ እናቴ።"

እትዬ ጥሩወርቅ ነጥቧን በጣታቸው ጫፍ አሸት አሸት አደረጓት፤ የሚለቅ ቀለም መስሏቸው ይሆን?

"እና መበላሸቷን እያወቅህ ነው አረንጓዴ የቀባሃት?" አሉኝ።

ከ"እርስዎ" ወደ "አንተ" የወረድሁት ያኔ ነው። ደግሞ አልጮሁም፤ ቢጮሁብኝ ይሻለኝ ነበር። ምራታቸው ወሯ የገባ ነፍሰ ጡር መሆኗን፣ ከብት ከሚጠጣበት ወንዝ ጀሪካን ተሸክማ ዳገቱን ስትወጣ ባለፈው ሳምንት መውደቋን፣ ለክፉ ያልሰጠቻት ኪዳነ ምሕረት መሆኗን ቀስ ብለው ነገሩኝ። "ባመለከትን ቁጥር 'የእናንተማ ይሠራል' ይሉናል። ለካ የሚሠራው አንተ ሸራ ላይ ኖሯል!"

ከኪሴ ቀይ ማርከር አውጥቼ በሕዝብ ፊት ነጥቧን ቀባኋት። ሌሎቹንም ፈዛዞች አንድ በአንድ ቀባኋቸው። የሚያጨበጭብ አልነበረም።

በማግሥቱ ሸራውን ይዤ አቶ ደሴ ፊት ቆሜ ሁሉንም፣ በስብሰባው ዝም ማለቴን ጭምር ተናገርሁ። ሸራውን ዘርግተው አዩና፣ ይኼን ሁሉ ጊዜ ግድግዳዬ ላይ የሰቀልሁት ውሸት ነበር? አሉኝ። ጥጉ ላይ እኮ ተጽፏል ልል ብዬ ዋጥሁት። ቡድኑ በሳምንቱ ወጣ፤ ጉድጓዷም ውኃ ሰጠች። ለእኔ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሰኝ፤ ምንም ቀለም የሌለው።

የእትዬ ጥሩወርቅ ምራት በሰላም ተገላገለችና ለክርስትናው ተጠራሁ። ይቅር አሉኝ ብዬ እየተደሰትሁ ሄድሁ። ዳሱ ውስጥ የደብሩ የቅኔ መምህር መሪጌታ አስማረ ከአንድ የሩቅ እንግዳ ጋር ተቀምጠዋል። እንግዳው ማንነቴን ጠየቃቸው። መሪጌታ ጢማቸውን እየዳበሱ፣ "እሱማ የቀለም ሰው ነው" አሉት።

እንግዳው ሊቅ መስዬው ብድግ ብሎ መቀመጫውን ለቀቀልኝ። ሴቶቹ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። እኔም እጅ ነሥቼ፣ ሰሙን ለእንግዳው ትቼ፣ ወርቁን ታቅፌ ተቀመጥሁ።