ለእርጥብ እጅ ያልታሰበ ጨዋታ

ዘንድሮ ስልክ ላይ ጨዋታ የሚሠሩ ሰዎች ለተጫዋች ምቾት ሲጨነቁ ለጉድ ነው፤ እውነቴን ነው የምላችሁ፣ የገዛ እናቴም ለእኔ እንዲህ አልተጨነቀችም። እኔ የምጫወተውን የአማርኛ የቃላት ጨዋታ ውሰዱ። የተበታተኑ ፊደላት ይሰጣችኋል፣ እናንተ ገጣጥማችሁ ቃል ታወጣላችሁ፣ ከተጋጣሚያችሁ ጋር በየተራ። ዓይናችሁ ደከመ? ፊደሉን አግዝፉት። ቀይና አረንጓዴ ይምታታባችኋል? በቀለም ፋንታ ምልክት ያደርግላችኋል። ድምፁ ራሳችሁን አዞረው? ዝጉት። ብርሃኑ በዛ? አደብዝዙት። ምን የቀረ ነገር አለ! ያልታሰበላት ተጫዋች አንዲት ብቻ ናት። እጇ እርጥብ የሆነባት።

ምን ማለቴ እንደሆነ ላስረዳችሁ። የጨዋታው ሠሪ በሐሳቡ የሚያየው ተጫዋች ሶፋ ላይ ጋደም ያለ፣ ሁለት ደረቅ እጆች ያሉት፣ ያኒ፣ ማለቴ፣ ጊዜው የራሱ የሆነ ሰው ነው። ለአንድ ተራ ሁለት ደቂቃ ይሰጠዋል፤ ካለፈችው ተሸነፈ። እኔ እዚህ ፋናር፣ ቤሩትን ቁልቁል እያየሁ በሰው ቤት ስሠራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። የራሴ የሆነ ሁለት ደቂቃ ሳይቆራረጥ የማገኘው መታጠቢያ ቤት ስገባ ነው፤ እዚያም ቢሆን በሩ ይንኳኳል።

እኔስ ብሸነፍ ምን እሆናለሁ? ኸላስ፣ አለቀ፣ ተሸንፌ ወደ ሽንኩርቴ። ነገሩ የከረረው በዘይነባ ነው።

ዘይነባ የወሎ ልጅ ናት፤ እዚሁ ቤሩት ዳር፣ ዳሒዬ ነው የምትሠራው፤ ከእህት አልለያትም። ኮምቦልቻ ሐያት የምትባል የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ አለቻት። ትታት ስትመጣ አራት ዓመቷ ነበር። አሁን ልጅቷ አያቷን «እማ» ትላለች፣ እናቷን «ዘይነባ»። ሲደወልላት «ደህና ነኝ፣ እማን ላቅርብልሽ?» ትልና ስልኩን ለአያቷ ታቀብላለች። ዓመታት በዚህ ሁኔታ አልፈው፣ ባለፈው ክረምት ሐያት ራሷ እናቷን ለዚህ ጨዋታ ግጥሚያ ጋበዘቻት። ዘይነባ ያን ቀን ስትደውልልኝ መኖሪያ ፈቃድ ያገኘች ነበር የመሰለኝ።

«ጠራችኝ!» ትላለች። «እኔን እኮ ነው፣ ራሷ ጠራችኝ!»

ምን ያደርጋል! ቃሉ ሊመጣላት አንድ ፊደል ሲቀረው ማዳሟ «ያላ ዘይነባ!» ብላ ታጣድፋታለች። ሩዙ አለ፣ በረንዳው አለ፣ የሕፃኑ ጡጦ አለ። ስትመለስ ሰዓቱ አልቋል። ኮምቦልቻ ላለችው ልጅ ደግሞ ጨዋታው «ተጋጣሚዎ አቋርጣ ወጥታለች» ብሎ ያሳብቅባታል። ማዳም ጠርታኝ ነው ብላ ብትጽፍላት፣ «ሁልጊዜ እንደዚያ ነው የምትይው» አለቻት። በአምስተኛው ጊዜ ሐያት አንዲት መስመር ላከች፤ «ላትጨርሺ አትጀምሪ።» ከዚያ በኋላ ብትጋበዝም አልቀበል አለች።

ዘይነባ ይህን ስታነብልኝ አንጀቴን በላችው። እኔም አለቀስኩ፣ ምን አስዋሸኝ! አልቅሼ ሳበቃ ግን ተናደድኩ፤ እኔ ስናደድ ደግሞ ሥራ ይሠራል።

የስልክን ነገር ለእኔ ተዉልኝ። የጨዋታውን ማስተካከያ ከላይ እስከ ታች በረበርኩት። ንዝረቱን ማጥፋት ይቻላል፤ ለግራኝ እንኳ ፊደላቱን ወደ ግራ የሚያዞር አለ። ለጥቂት ጊዜ ማቆም ግን የለም። ለሠሪዎቹ ጻፍኩ። አዲስ አበባ ካለ አንድ ትሑት ወጣት መልስ መጣ፤ «ውድ ተጫዋች፣ ማቆሚያ ካስገባን ሰዎች እያቆሙ መዝገበ ቃላት ያያሉ።»

መዝገበ ቃላት! በየትኛው እጄ?

በማግስቱ ቀትር ላይ ስልኬን ድምፅ መቅጃ ላይ አድርጌ የዕቃ ማጠቢያው ጠርዝ ላይ አስቀመጥኩና ልክ ሁለት ደቂቃ ቀዳሁ። ቧንቧው ሲፈስ፣ ማዳሜ «ያላ ሐቢብቲ፣ ሰላጣው!» ስትል፣ የበሩ ደወል፣ ውሃ የሚያመጣው ሰውዬ ከደረጃው ሲጮህ፣ ወተቱ ሲገነፍል፣ እኔ ለሁሉም «ዳኢአ! ዳኢአ!» ስል (አንዴ ቆዩኝ ማለቴ ነው)፣ በመጨረሻም ሰሃን ሲሰበር። ሰሃኑ የታቀደ አልነበረም። ከሥሩ «ይህ የአንድ ተራ ጊዜ ነው። መዝገበ ቃላቱን የቱ ጋ እንዳየሁ አዳምጠው ይንገሩኝ» ብዬ ላክሁለት።

በአራተኛው ቀን፣ «እህቴ፣ ቢሮ ውስጥ ሁላችንም ሰማነው። ለሰሃኑ አዝነናል» የሚል መጣ። ብዙም ሳይቆይ ጨዋታው ታደሰ። የሚተዋወቁ ሰዎች ከተስማሙ ሰዓቱን ማጥፋት ይችላሉ፤ ተራው ባለቤቱ እስኪመለስ ይጠብቃል። ለአንድ ሳምንት ያህል ፋናርን እኔ የሠራኋት ይመስል ደረቴን ነፍቼ ነው የተራመድኩት።

ዘይነባ ልጅቷን እንደገና ለመነቻት። ሐያት አንድ ቀን አስጠብቃ እሺ አለች። ዘይነባ የመጀመሪያ ቃሏን አወጣች፣ ሐያት መለሰች። ማዳም ጠራች፤ ዘይነባ በረንዳውን አጥባ ስትመለስ ተራዋ አለ፣ እንዳለ ቁጭ ብሎ ይጠብቃታል። ሁለተኛ ቃሏን አወጣች። አሁን የሐያት ተራ ሆነ። ከዚያ ጭጭ። አንድ ሰዓት አለፈ፤ ሁለት ሰዓት አለፈ።

«የእጄን ሰጠችኝ» አለችኝ ዘይነባ ደውላ። «እኔ ያደረግኋትን አደረገችኝ።»

ሰዓቱን ያስጠፋሁት እኔ፣ ይህ ቢመጣ የምለውን አላሰብኩም ነበር።

ከሰዓት በኋላ እንደገና ደወለች። ማውራት ስላቃታት መልእክቱን አነበበችልኝ፤ «እማ ዘይት ግዢ ብላ ልካኝ ነው። ሰልፉ ረጅም ነበር። ቃል አግኝቻለሁ፣ እንዳትሄጂ፣ ጠብቂኝ።»

ይህን እያነበበችልኝ ከኋላዋ «ያላ ዘይነባ!» የሚል ጥሪ ተሰማኝ። የእግሯን ኮቴ ጠበቅሁ። አልተንቀሳቀሰችም።

«ዳኢአ ማዳም» አለች፣ ጮክ ብላ። «ልጄ ጠብቂኝ ብላኛለች።»

ሩዙ አረረ። ማዳሟ ምን አለች ብዬ በማግስቱ ብጠይቃት፣ «እኔ እንጃ፣ አልሰማኋትም» አለችኝ።