የቆርቆሮዋ ተዋናይት

የሶማሊያው ጦርነት ሀርጌሳ በገባ ሰሞን የበደለችኝ ጎረቤቴ ሳህራ ናት። ድሬዳዋ ያደገች፣ አማርኛዋ ከእኔ የሚፈጥን፣ ሲኒማ ቤት ትኬት የምትቆርጥ ሴት ነበረች።

የድሮ የአሜሪካ አስቂኝ ፊልም አፍቃሪ አጋጥሟችሁ ያውቃል? የልጆቹን ልደት ይረሳል፤ በጥቁርና ነጭ ፊልም ላይ ፊቷን በኬክ ክሬም የተለቀለቀችውን ተዋናይት ግን እንደ ሥጋ እህቱ ይሳሳላታል። ለእኛስ ማን ይሳሳልን?

ከተማዋን የሚደበድቡት አውሮፕላኖች ተመልሰው ሳይመጡ የመጨረሻው የጭነት መኪና ሊነሳ ነው። ልሳፈር ስል፣ በቀረችው አንዲት ቦታ ላይ ሳህራ ከሲኒማ ቤቱ ግድግዳ የነቀለችውን፣ ተዋናይቷ የተሳለችበትን ትልቅ ቆርቆሮ አጋድማለች።

"ሳህራ፣ አጥፈሽ አስጠጊያት! ልቀር ነው!"

"ወላሂ አስኔ፣ ከታጠፈች ፊቷ ይላጣል።"

"የእኔስ ፊት?"

"አንቺ እግር አለሽ እኮ፣ እህቴ።"

እውነቷን ነው፤ ቆርቆሮ እግር የለውም። መኪናው ሲነሳ ሳህራ ተዋናይቷን ፀሐይ እንዳይመታት በሻሿ እየሸፈነቻት ነበር። እኔ ዝንብ ጥዝ ባለ ቁጥር አውሮፕላን መስሎኝ ቁጥቋጦ ሥር እየተወሸቅኩ እስከ ኢትዮጵያ ድንበር በእግሬ ሄድኩ።

ድንበር ማዶ ያለው የስደተኞች መጠለያ ስደርስ ሳህራ ተዋናይቷን ድንኳኗ በር ላይ አቁማ፣ ፊልሙን እየተረከች ሴቶቹን ታስቃለች።

"አስኔ! አልሐምዱሊላህ፣ አላልኩሽም? እግር አለሽ!" ብላ አቀፈችኝ።

በማግስቱ ውሃ ልትቀዳ ስትሄድ ቆርቆሮዋን ወሰድኩ። ከቅርንጫፍ የቀለስኳት ጎጆዬ ጣሪያ አድርጌ በምስማር መታኋት፤ ፊቷን ወደ ዝናቡ።